ካፊያን የሰበረ እጅ

የሶሄይ ናጋቶሞ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው በጸደይ ነው። መጀመሪያ ብርድ መሰለው። ቀጥሎ ድካም ነው አለ። በጋው ገብቶ ሰው ሁሉ በላብ ሲጠመቅ፣ እጁ ግን ውርጭ እንደመታው ሲርገፈገፍ ባየ ጊዜ ምክንያት መፈለጉን ተወና መደበቅ ያዘ።

ለእሱ ደግሞ መደበቅ ከማንም በላይ ከባድ ነበር። የናጋቶሞ ቤት በማትሱዬ ከተማ የሻይን ሥርዓት ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርስ የኖረ ቤት ነው። የከተማው ትልልቅ ሰዎች ሴቶች ልጆቻቸውን ሥርዓት እንዲማሩ የሚልኩት እዚያ ነው። መምህሩ አረንጓዴውን የማቻ ዱቄት በቀርከሃ ማንኪያ ቆንጥሮ ጽዋው ውስጥ ሲጨምር፣ ሙቁን ውሃ በጭልፋ ቀድቶ ሲያፈስ፣ በቀርከሃው መምቻ አረፋ እስኪያወጣ ሲመታው፣ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚተክለው እጁ ላይ ነው። ሶሄይ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሚስቱ ሳትወልድለት በወጣትነቷ ሞታበት ከእናቱ ጋር ብቻ ነው የሚኖረው። ከዚያ እጅ ሌላ ምንም የለኝም ብሎ ያምን ነበር።

የእጁን ነገር ከሰው ሁሉ ቀድማ ያወቀችው ካዮኮ ናት።

ካዮኮ የዛጎል ሴት ነበረች። ባሏ ሲሞት ጀልባውን ተረከበች፤ ጎህ ሲቀድ ሺንጂ ሐይቅ ላይ ወጥታ ጥቁሮቹን ትናንሽ ዛጎሎች በረጅሙ መቧጠጫ ከሐይቁ ግርጌ እያፈሰች፣ ሥጋቸው ለሾርባ የሚሆኑትን በየቤቱ የጓሮ በር ትሸጣለች። በናጋቶሞም ጓሮ ዓመታት ተመላልሳለች። አንድ ጠዋት ታዲያ ቅርጫቷን አውርዳ አየሩን አሸተተችና፣

«ይሄ አሁን የታጨደ ሣር የሚሸተው ምንድን ነው?» አለች።

ሶሄይ በአጋጣሚ ጓዳ ውስጥ ነበር። ሳቅ አለና እዚያው ደፉ ላይ እንደቆመች አንድ ጽዋ መትቶ ሰጣት። በሁለት እጇ ተቀብላ እስከ አተላው ጠጣችው። አረንጓዴ አረፋ ላይኛው ከንፈሯ ላይ ቀረ።

«ይመራል» አለች። ትንሽ አሰበችና፣ «ይድገሙኝ» አለችው።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም።

«ሐሙስ ከሰዓት ይምጡና ይማሩ» አላት። «በፊት ለፊቱ በር።»

መጣች። የሐይቁን ሽታ ለማጥፋት እጇን በሎሚ ልጣጭ ስትፈትግ አርፍዳ፣ ያላትን አንድ ደህና ኪሞኖ ለብሳ መጣች። ሴቶቹ ተማሪዎች ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁላት፤ ከአክብሮት ግን አልነበረም። የሶሄይ እናት ወይዘሮ ቶኪ ከመጋረጃው ኋላ ሆነው፣ «ዛሬስ ዛጎሉ በፊት በር ገባ!» ሲሉ ሁሉም ሰማ። ካዮኮም ሰማች። ፊቷ ደም መሰለ፤ ግን በሚቀጥለውም ሐሙስ መጣች።

በዝናቡ ወራት ነው እንግዲህ። ሶሄይ እያስተማረ ሳለ ጭልፋው በእጁ ተንቀጥቅጦ የብረቱን ማንቆርቆሪያ ከንፈር ነካ። ታክ፣ ታክ። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ድምፅ ነውር ነው። ገና ማንም ቀና ሳይል ካዮኮ ሳል አፈነዳች፤ ጣሪያ የሚያነቃንቅ ሳል! ሴቶቹ ሁሉ ወደሷ ዞሩ። ሶሄይ በዚያች ቅጽበት ጭልፋውን መልሶ አስቀመጠ። ቀና ሲል ዓይኗ ዓይኑ ላይ ነበር። ወዲያው አቀረቀረች።

ከዚያ ወዲያ ጭልፋው በነካ ቁጥር ትስላለች።

«ይቺ ሴት ሳምባዋን ታማለች እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ቶኪ። «ልጆቹ ላይ እንዳታጋባ።»

ማንም ለማንም የፍቅር ቃል አልተናገረም። ነገር ግን ሶሄይ ያን ሳል በሰማ ቁጥር ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ይሞቀዋል። የሚሞቀውን ያህል ደግሞ ያፍራል። አንዲት ሴት ለእሱ ብላ በሰው ፊት መሳቂያ ስትሆን ዝም ብሎ ይቀበላታልና።

አንድ ቀን ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ እሷ ጽዋ ስታጥብ ጓዳ ገባ።

«ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር?» አለችው፣ ሳትዞር።

«ሄጄ ነበር። አይገድልም አለኝ። አይድንምም አለኝ።»

«ታዲያ ምኑን ፈሩት?»

«ሰው እንዳያይብኝ ነው።»

«እኔ አይቻለሁ» አለች፣ አሁን ዞራ። «አይቼስ ምን ሆኑ?»

 ያን ዕለት ነው፣ እርጥብ እጇን በሁለት እጁ ይዞ፣ «በኅዳር የብርዱ ወራት ምድጃ ሲከፈት፣ እንግዶቹ እንደተሸኙ ለእናቴ እነግራቸዋለሁ። ያለ አንቺ መኖር አልፈልግም ብዬ እነግራቸዋለሁ» ያላት። ካዮኮ አላለቀሰችም። ግን ወደ ቤቷ ስትሄድ ድልድዩ ላይ ቆማ፣ ሰው እንዳያያት ፊቷን ወደ ውሃው አዙራ ብቻዋን ስትስቅ ነበር።

*

የምድጃው መክፈቻ ቀን ደረሰ። የዓመቱ አዲስ ሻይ የሚቀመስበት፣ ከተጠራው ሰው የሚቀር የሌለበት ቀን ነው። ዋናው እንግዳ አቶ ሂቢኖ ነበሩ፤ ትልቅ የጣፋጭ ቤት ያላቸው፣ ሰማኒያን የተሻገሩ፣ አፋቸው ያልተገራ ሽማግሌ። ወይዘሮ ቶኪ ለእሳቸው ክብር «ካፊያ»ን አስወጡ።

ካፊያ የቤቱ የአያት ቅድመ አያት ጽዋ ናት። ግራጫ ቀለሟ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ቁልቁል ስለሚወርዱ፣ ብርዱ ሊገባ ሲል ሐይቁን የሚጋርደውን ካፊያ ስለምትመስል ነው እንዲያ የተባለችው። ለማርጠብና ለማድረቅ እንኳ ከሶሄይ በቀር የሚነካት አልነበረም።

ጓዳ ውስጥ እሱና ዕቃ ልታጥብለት የገባችው ካዮኮ ብቻ ነበሩ። በወረቀቱ በር ማዶ እንግዶቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ልብሳቸው ሲንሻሻ ይሰማል። ሶሄይ ካፊያን ከሳጥኗ አነሳ። ቀኝ እጁ ጀመረው። በግራው ሊደግፍ ሞከረ፤ የጽዋዋ እግር ከሳጥኑ ጠርዝ ጋር ታክታክታክ ይል ጀመር። ካዮኮ ልትይዝለት እጇን ዘረጋች። ይህን ጊዜ፣ የእሷ እጅ ሳይደርስ፣ ካፊያ ከጣቶቹ ሾልካ የማጠቢያው ድንጋይ ላይ አረፈች።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ግን ቤቱ የተሰነጠቀ መሰለ።

ካዮኮ ሳታስበው ተንበርክካ ስብርባሪውን መልቀም ያዘች። በሩ ተንሸራተተ። ወይዘሮ ቶኪ ደፉ ላይ ቆመዋል፤ ከኋላቸው የእንግዶቹ ፊት ይታያል።

«አንቺ ነሽ?» አሉ።

ካዮኮ ስባሪውን እንደያዘች ቀና ብላ ሶሄይን አየችው። ያ አስተያየት ልመና አልነበረም። ይልቁንም ሰው በር ከፍቶ «ግባ» እንደሚለው ያለ ነበር። አሁን ተናገር፣ እኔ አለሁ የሚል።

ሶሄይ ቀኝ እጁን እጅጌው ውስጥ ከተተ።

«ሶሄይ፣ እሷ ናት ወይ?» አሉ እናቱ ደግመው።

«ገና… ገና አልለመደችም» አለ።

የገዛ ድምፁን ሲሰማ የሌላ ሰው መሰለው። ካዮኮ ዓይኗን ከእጅጌው ላይ አነሳች። ከዚያ ስብርባሪውን አንድ በአንድ ጨርቅ ላይ አኖረች። ግንባሯ ሰሌኑን እስኪነካ ሰገደችና፣

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» አለች።

ተነስታ በጓሮ በር ወጣች። ሶሄይ ሌላ ጽዋ አነሳ። እንግዶቹ ፊት ተቀመጠ። አንዴ ካፈሩ ወዲያ እጅም ይደነዝዛል መሰለኝ፣ ያን ቀን ሻዩን አንዲት ጠብታ ሳያንጠባጥብ አፈላ። እንግዶቹ አመሰገኑት። ምስጋናቸው አፉ ላይ እንደተተፋ ምራቅ ሆነበት።

*

በማትሱዬ ወሬ ከዛጎል ጀልባ ይቀድማል። በማግስቱ ዓሣ ተራ ውስጥ፣ «የናጋቶሞን ካፊያ የሰበረችው» ይሏት ጀመር። አንዳንድ ቤቶችም ዛጎል መግዛት አቆሙ። የናጋቶሞ ጓሮ በር ላይ ሌላ ሴት መጣች። ሶሄይ የጠዋት ሾርባውን ማንኪያ አፉ አድርሶ መለሰው።

ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ ሁለት ጊዜ ወደ ሐይቁ ወረደ። ሁለቱንም ጊዜ፣ ካዮኮ ከጉም ውስጥ ጀልባዋን እየገፋች ስትወጣ፣ ወደቡ ላይ የሚጠብቁትን ነጋዴዎች አይቶ ከጥድ ዛፍ ኋላ ተሸሸገና ተመለሰ። የሻይ መምህር፣ ሽበት የወረረው ሰው፣ ዛፍ ኋላ! ለራሱ እንኳ ሊነግረው የሚያሳፍር ነገር ነው።

በሦስተኛው እቤቷ ሄደ። ካዮኮ ከጓደኛዋ ከኦሪን ጋር ደጅ ተቀምጣ ዛጎል ትለይ ነበር። ዛጎሎቹን ሳንቃ ላይ እያንከባለለች ታዳምጣለች፤ ሕይወት ያለው ዛጎል ድፍን ድምፅ አለው፤ የሞተው ባዶ ይጮሃል፤ እሱን ወደ ኋላዋ ትወረውራለች።

ኦሪን ቀድማ አየችው። «ካዮኮ!» አለች ጮክ ብላ። «ሰውዬሽ መጣ። በነጭ ካልሲ ጭቃ ላይ ተተክሏል። ሳይበቅል በፊት ብትነቅይው ይሻላል።»

ካዮኮ እጇን አላቆመችም።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ ሶሄይ።

«ማንን?»

«አንቺን።»

«እዚህ ያለነው እኔና ኦሪን ነን። ሲዋሹብኝ ግን ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር።»

«እኔም ልሂድላችሁ?» አለች ኦሪን።

«ተቀመጪ» አለች ካዮኮ።

ሶሄይ አንድ እርምጃ ቀረበ። «ስምሽ በከተማው እንደጠፋ አውቃለሁ። በእኔ የተነሳ የሚሉሽን—»

«ስሜ?» ሳንቃውን አስቀመጠችው። ተነሳች። እስከዚያች ቀን ድረስ «እርስዎ» ከማለት ያልዘለለ አፏ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አለው። «አንተ በስሜ የተናደድኩ መሰለህ? ሰው ያወራል፣ ይረሳል። ጽዋዋም ብትሆን ጭቃ ናት። እኔ ያፈርኩት በራሴ ነው! ግንባሬን ሰሌን ላይ ስደፋ ስጦታ የሰጠሁህ መስሎኝ ነበር። እወደዋለሁ፣ ላድነው፣ ነገ ራሱ ይናገራል አልኩ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ነው የገባኝ። እናትህ ስለ እኔ የሚያስቡትን ሁሉ በገዛ አፌ አጸደቅሁላቸው። የዛጎል ሴት እጇ ሻካራ ነው፣ ውድ ነገር አይነካም። ባሌ ሲሞት ሴት ጀልባ አትነዳም ላሉኝ ወንዶች ያልደፋሁትን አንገት፣ ላንተ ውሸት ደፋሁት!»

«ዛሬውኑ ለእናቴ እነግራቸዋለሁ።»

«በሹክሹክታ? ሰው ፊት የወሰድክብኝን በሹክሹክታ ልትመልስ?» እንባዋ መጣ፤ በክንዷ ጠረገችው። «እጅህን ጠልቼው አላውቅም፣ ሶሄይ። ሲንቀጠቀጥ ሳየው ይበልጥ እወደው ነበር፣ እውነቴን ነው። የጠላሁት ያን እጅጌህን ነው። እጅህን ብቻ መስሎኝ ነበር የምትደብቅበት። እኔንም እዚያው ከተትከኝ።»

ገባችና በሩን ዘጋች። ኦሪን ቀልድ አልመጣላትም። ሶሄይ በጭቃው ውስጥ ቆሞ፣ ከዚያ ቀደም ሰው ሲሰድበው ተሰምቶት የማያውቅ ነገር ተሰማው። ስድብ ቢሆንማ ይቀለው ነበር። እውነት ነው የነገረችው።

*

እናቱን ያገኛቸው አበባ ሲያስተካክሉ ነው።

«ካፊያን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለ።

«አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ ቶኪ። ቅጠል ቆረጡ። «እጅህን ከበጋ ጀምሮ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን እሷን ጠየቋት?»

«እሷን ጠየቅሁ እንጂ መልስ የጠበቅሁት ካንተ ነው። እውነቱን እንድትሸሽግ ፈልጌ ነበር፤ ሸሸግህ።» ቀና ብለው አዩት፤ ፊታቸው ላይ ጭካኔ አልነበረም፣ ድካም ነበር። «የዛጎል ሴት ትሄዳለች፣ ሌላ ትመጣለች። የናጋቶሞ እጅ ግን አንድ ነው። ለአዲሱ ዓመት ሻይ ታምሜአለሁ በል። ከተማሪዎቹ አንዷ ታፍላ። ቀስ ብሎ ይረሳል።»

ሶሄይ መሬት ብትውጠው በወደደ ነበር። እናቱ ፈሪነቱን ከእሱ በፊት ያውቁት ኖሯል። አውቀውም እንደ ምርኩዝ ተደግፈውበታል።

«የአዲሱን ዓመት ሻይ የማፈላው እኔ ነኝ» አለ።

«በዚያ እጅ?»

«ሌላ እጅ የለኝም፣ እናቴ።»

*

በዚያው ሰሞን አቶ ሂቢኖ ካዮኮን ወደብ ላይ አገኟት። ዛጎል ከገዙ በኋላ አልሄዱም።

«በአዲሱ ዓመት ሻይ ዋና እንግዳ እኔ ነኝ» አሏት። «አጃቢ ይዤ መግባት እችላለሁ። እርስዎን መርጫለሁ።»

«አልሄድም። አፍራለሁ።»

«ልጄ፣ እኔ ጉልበቴ ነው የደከመ እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። ያን ቀን ጽዋዋ ከመውደቋ በፊት ስትንጫጫ ሰምቻለሁ። የእርስዎ እጅ ደግሞ ሲገፋ የሚውለው ጀልባ ነው፤ አይንቀጠቀጥም። ያን ዕለት ልናገር ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር፤ የሰው ቤት ነው ብዬ ዘጋሁት። እኔም አፍሬያለሁ እንግዲህ።» ቅርጫቱን አነሱ። «ይምጡ። ከተናገረ ይሰሙታል። ካልተናገረ ደግሞ አንድ ጊዜ በደንብ አፍረውበት ይገላገሉታል። ግማሽ እፍረት ነው ሰው የሚገድለው።»

ካዮኮ ያን ሌሊት አልተኛችም። ጠዋት ላይ ኪሞኖዋን አወጣች። የሄደችው ይቅር ልትለው አልነበረም። ልትገላገለው ነው።

*

የአዲሱ ዓመት ሻይ ዕለት በረዶ ይጥል ነበር። ሶሄይ በሩን አንሸራቶ ለሰላምታ ሲሰግድ የእንግዶቹን ጉልበት ብቻ ነው ያየው። ቀና ሲል ከመጨረሻው በፊት ባለው ቦታ ካዮኮን አያት። አቶ ሂቢኖ አጠገባቸው ሊያስቀምጧት ፈልገው ነበር፤ እሷ ናት ዝቅ ያለችው። በመጨረሻው ቦታ ደግሞ፣ ሥርዓቱን አዋቂ ሰው በሚቀመጥበት፣ ወይዘሮ ቶኪ ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው አንዳቸው ሌላቸውን አያዩም።

ያን ቀን የሚፈላው ወፍራሙ ሻይ ነው፤ እንደ ማር የሚወርድ፣ ሁሉም ከአንድ ጽዋ የሚጠጣው።

ሶሄይ የሐር ጨርቁን አጠፈ። ማንኪያውን ጠረገ። እስከዚህ ደህና ነበር። ዱቄቱን ሊጨምር ሲል እጁ ተነሳበት። አረንጓዴው ዱቄት ጽዋው ጠርዝ ላይ፣ ሰሌኑ ላይ፣ ጥቁር ኪሞኖው ላይ ተበተነ። አንዲት ተማሪ እስትንፋሷን ዋጠች። ጭልፋውን አነሳ። ታክ፣ ታክ፣ ታክ። የብረቱ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሳል የሚባል ነገር አልተሰማም። ካዮኮ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ታየው ነበር።

ከተማሪዎቹ አንዷ ልትረዳው ብድግ አለች።

«ተቀመጪ» አላት።

ጭልፋውን መልሶ ሲያስቀምጥ ከውሃው ግማሹ አመድ ላይ ፈሰሰና እንፋሎት ተነሳ። ሶሄይ ከምድጃው ዞሮ እንግዶቹን ፊት ለፊት ተቀመጠ። በሻይ መካከል እንዲህ አይደረግም። የቀኝ እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስቦ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ አኖረው። እጁ እንደተያዘች ወፍ ይርገበገብ ነበር።

«ካፊያን የሰበረው ይሄ እጅ ነው» አለ። ድምፁም ተንቀጠቀጠ። «ወይዘሮ ካዮኮ አልነካቻትም። ልትደግፈኝ እጇን ስትዘረጋ ነው ያመለጠኝ። እናቴ ሲጠይቁኝ አልለመደችም አልኩ። ዋሸሁ። ከጸደይ ጀምሮ እጄ ታሟል፤ ሐኪሙ አይድንም ብሎኛል። ይህን እንዳታውቁ ብዬ የሰው ስም ጭቃ ውስጥ ጨመርኩ። የምወዳትን ሴት ነው የጨመርኳት።»

 ሶሄይ ወደ ካዮኮ ዞረ፤ ግንባሩ ሰሌኑን ነካ። ቀና ለማለት ብዙ ቆየ። ፊቱን ማንሳት አፍሮ ነው።

ከዚያ ተመልሶ ሻዩን ያዘ። ወፍራም ሻይ ይለወሳል እንጂ አይመታም፤ ጥብቅ እጅ ይፈልጋል። መምቻው ጽዋው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሄደበት። በሁለት እጁ ያዘው። ላብ ከግንባሩ ወረደ። በመጨረሻ ጽዋውን ዋናው እንግዳ ፊት አኖረና፣ ደንቡ ነውና ጠየቀ፦ «ጣዕሙ እንዴት ነው?»

አቶ ሂቢኖ ጎርሰው አኘኩት ማለት ይቀላል። ረጅም ጊዜ አጣጣሙ።

«ጓጉሏል» አሉ።

አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ ሁለት፣ ሦስት ሆኑ። የሽማግሌው ዓይን ግን እንባ አቅርሮ ነበር። የጽዋውን ከንፈር ጠርገው ለቀጣዩ አሳለፉ። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ካዮኮ ጋ ደረሰ። ካዮኮ በሁለት እጇ አንስታ ጠጣች፤ የድርሻዋን ያህል፣ ሳትቸኩል። ከንፈሯ የነካበትን ጠርጋ ጽዋውን ወደ ቀጣዩ ሰው ዞራ አስቀመጠች።

ቀጣዩ ሰው ወይዘሮ ቶኪ ናቸው።

አሮጊቷ ጽዋውን አዩት። የዛጎል ሴት አፍ የነካው ጽዋ ነው። አለመጠጣት ይችሉ ነበር፤ ሆዴን አሞኛል ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም። ቀና ብለው ልጃቸውን ተመለከቱ። ከዚያ ካዮኮን፤ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፊት ለፊት።

«ያን ቀን አውቄ ነው የጠየቅሁሽ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ሌላ አልጨመሩም። ጽዋውን አንስተው እስከ አተላው ጨለጡት። እጃቸው ከልጃቸው ባልተናነሰ ይንቀጠቀጥ ነበር።

*

እንግዶቹ ሲወጡ ካዮኮ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ቆማ ጫማዋን ትፈልግ ነበር። ሶሄይ ባዶ ራሱን በረዶው ውስጥ ተከትሏት ወጣ። ሰው በአጠገባቸው ያልፋል፤ ጃንጥላ ይዘረጋል፤ ያላየ ለመምሰል ይሞክራል፤ ያያል።

«ይቅር ትይኛለሽ?» አላት።

«ዛሬ አይደለም» አለች። «ዛሬ ገና ንዴቴ አልበረደም።» ጫማዋን አገኘች፤ ግን አልተጫማችም። «ለምን እንደመጣሁ ታውቃለህ? አንድ ጊዜ በደንብ አፍሬብህ ልገላገልህ ነበር። ትናንት ሙሉ ሌሊት ምን ብዬ እንደምረሳህ ሳስብ አደርኩ። ከለከልከኝ…» ድምፅዋ ተሰበረ። «ይሄንንም ከለከልከኝ፣ አንተ ሰውዬ!»

«ካዮኮ።»

«ዝም በል እስቲ። ቆይ።»

 በረዶው ትከሻው ላይ ይከመራል። ቀኝ እጁ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ ይንቀጠቀጣል፤ አላፊ አግዳሚው ያየዋል። ካዮኮም አየችው። ብዙ ጊዜ ተለይቶ የቆየን ሰው ፊት እንደሚያዩት አድርጋ አየችው። ከዚያ ጫማዋን ጣለችና እጁን በሁለቱ ሻካራ እጆቿ ያዘችው። እንዲቆም አልጨመቀችውም። እንደተንቀጠቀጠ ያዘችው።

ሶሄይ እስከ ጆሮው ጋለ። አፍሮ ነበር፤ በሰው መሀል፣ በቀን፣ እናቱ በመስኮት እያዩ፣ በሕይወቱ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። እንባው ጉንጩ ላይ ሲወርድም አፈረ። ግን እጁን አልነጠቃትም።